የፍስክ ጭልፋ

ሚልኪያስ ሥራ የጀመረ ዕለት ሸዋወርቅ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «ይሄ ደግሞ ማንን ሊቀብር መጣ?» አለች። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ከረባት፣ ጥቁር ሱሪ፣ በሁለቱም እጆቹ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የላስቲክ ጓንት አድርጓል። ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋላት ጓንቱን አላወለቀም። እሷም እጇ በሽንኩርት ስለራሰ ክርኗን ሰጠችው። ክርኗን ጨበጠ።

«ሚልኪያስ እባላለሁ፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ» አላት።

«ሸዋወርቅ። አሮጌዋ ወጥ ሠሪ» አለችው።

ካፍቴሪያው ከቁሓ ወደ መሃል መቐለ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አውሮፕላን የሚጠብቅ መንገደኛ፣ ከሥራው የወጣ መምህር፣ ሹፌርና የመሥሪያ ቤት ሰው ይበላበታል። ሸዋወርቅ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ንጉሰን አግብታ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አንዲት ቃል ትግርኛ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ስትቆጣ ከአማርኛዋ ቀድሞ የሚወጣው ትግርኛዋ ነው። በዚህ ወጥ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ቆይታለች። የማን ጨጓራ በርበሬ እንደማይችል፣ ማን ሽሮውን ወፍራም ማን ቀጭን እንደሚወድ ሳትጠይቅ ታውቃለች። ምላሷ ግን አይጣል ነው። አንድ ጊዜ አንድ መንገደኛ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ በረራ አለብኝ» ቢላት፣ «ከቸኮልክ ሰማይ ላይ ብላ» ብላ ጦሙን ሰድዳዋለች። ሰውየው ዳግመኛ አልመጣም። እሷም አልናፈቀችውም።

የካፍቴሪያው ባለቤት ልዑልሰገድ እንዲህ ያለውን ነገር ለዓመታት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ባለመስታወቱ አዲስ ቤት ከተከፈተ በኋላ ግን ደንበኛው እየሳሳ ሄደና እንቅልፍ አጣ። በዚያ ላይ ሚስቱ የአጎቷ ልጅ ከውጭ አገር እንደተመለሰ፣ አዲስ አበባም ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ነገረችው። ሚልኪያስ ማለት ያ ነው።

በማግስቱ ጧት ሚልኪያስ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ኦስትሪያ በሚባል አገር፣ የበረዶ ተራራ ላይ ባለ ካፍቴሪያ፣ አራት ክረምት እንደሠራ ነገራቸው።

«ሰዎቹ በረዶው ላይ ምን ይሠራሉ?» ብላ ትምኒት ጠየቀች። ትምኒት አስተናጋጅ ናት፤ ባሏ ከጦርነቱ ስላልተመለሰ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች።

«እግራቸው ላይ ሁለት ቀጫጭን ጣውላ አስረው ቁልቁል ይንሸራተታሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሽቦ ገመድ በሚጎተት ወንበር ተቀምጠው ወደ ላይ ይመለሳሉ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ይወርዳሉ።»

«እንዲህ ያለውንማ ማስተናገድ ምን ይከብዳል» አለች ሸዋወርቅ። «የሚሄድበት የሌለው ሰው አይቸኩልም።»

ትምኒት አፏን በመዳፏ ያዘች። ሚልኪያስ ግን አልተቆጣም። የላይኛውን ጥርስ በሙሉ የሚያሳይ ፈገግታ ነበረው፤ ሰው ሲሰድበውም ሲያመሰግነውም ያው ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሺህ ሰው ይመገብ እንደነበር፣ ማንም ከአምስት ደቂቃ በላይ እንደማይጠብቅ፣ አንድም ሰው ታሞ እንደማያውቅ ተናገረ። ምሥጢሩ አራት ነገር ነው አለ፤ ትሪ፣ ሰልፍ፣ ጓንት፣ ፈገግታ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ተቀምጦ ማዘዝ ቀረ። ትሪውን ይዞ ይሰለፋል፤ ምግቡ በረጅም ጠረጴዛ ላይ በሰፋፊ ሣህን ተደርድሮ ሚልኪያስ እየጨለፈ ይሰጠዋል። አስተናጋጆቹ ደግሞ በር ላይ እየቆሙ «እንኳን ወደ ቤታችን በደህና መጡ! ዛሬ በምን እናስደስትዎ?» እንዲሉ ታዘዙ። የመጀመሪያው ሰለባ አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ነበር። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትምኒትን አያት፣ ቀና ብሎ የቤቱን ታፔላ አነበበ፣ እንደገና ትምኒትን አያት። «ይቅርታ ሓፍተይ፣ እኔ ፉል ፈልጌ ነው የመጣሁት» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ሸዋወርቅ ያን ቀን እስኪመሽ ሳቀች።

ጓንቱ ግን አላሳቃትም። ሚልኪያስ በዚያው ጓንት ስልኩን ያነሣል፣ አፍንጫውን ያብሳል፣ የበሩን እጀታ ይይዛል፣ ተመልሶም ዳቦ ይቆርሳል። ደንበኛው ደግሞ ሰማያዊውን ላስቲክ ሲያይ ሐኪም ቤት የገባ መሰለው። «ንጽሕና እንዲህ ነው!» እያለ ያሞግሰዋል። አሞጋሾቹ ራሳቸው ሰላጣውን በጣታቸው እየጎረጎሩ ቲማቲም የሚለቅሙ፣ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ውሃ አስነክተው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሸዋወርቅ በመስኮቷ እያየቻቸው ከንፈሯን ትመጣለች።

አንድ ቀን «ቆይ፣ ይሄ ጓንት የሚጠብቀው ማንን ነው? አንተን ከእኛ ነው ወይስ እኛን ካንተ?» ብላ ጠየቀችው።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ይሄ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው።»

«እጅህን ትታጠባለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ጓንት ካለ እኮ ውሃ ማባከን አያስፈልግም።»

ውሃ በእርግጥ ችግር ነበር። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው የከተማው ውሃ በዚያ ሰፈር በአሥርም በአሥራ አምስትም ቀን አንዴ ነው ብቅ የሚለው፤ በመሃል ከቦቴ ይገዛል። ቢሆንም ሸዋወርቅ ባለፉት ዓመታት ሁሉ፣ ውሃ ጨርሶ በጠፋበት በዚያ በክፉው ጊዜ እንኳ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና አጥታ አታውቅም። ሚልኪያስ ያንን ጀሪካን አስነሣው። መተላለፊያ ዘጋ ብሎ።

ቀጥሎ ጭልፋዎቹ ላይ መጣ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሸዋወርቅ በጾም ወራት ሁለት ዓይነት ጭልፋ አላት፤ የጾሙ እጀታ ላይ ነጭ ክር፣ የፍስኩ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። የሚጾመው ብዙ ቢሆንም ሥጋ የሚበላ መንገደኛ አይጠፋምና፣ የቅቅሉ ጭልፋ ምስሩን እንዳይነካ ነው። መክተፊያውም ቢላዋውም እንደዚሁ ለየቅል ነው። ሚልኪያስ ክሮቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጣቸው።

«ክር ቆሻሻ ይይዛል እትዬ። ባክቴሪያ ይራባበታል።»

ነገሩ እውነት ነበር። ክሮቹ ከጭስና ከቅባት ብዛት ነጩ ከቀዩ የማይለይበት ደረጃ ደርሰው ነበር፤ ሸዋወርቅም ይህን አሳምራ ታውቃለች። እጀታዎቹን በእሳት መተኮስ ወይም ሽቦ ማሰር ይቻል ነበር፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ። እውነቱ ከሱ አፍ በመውጣቱ ብቻ አንገሸገሻት። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ «እንዳልክ ይሁን። ባክቴሪያ ለምንሆነው ለኛ ከበረዶ አገር የመጣ ይወቅልን» አለችና ትታው ገባች።

ማታ ለንጉሰ ስትነግረው እሱ እግሩን እየታጠበ ነበር።

«ታዲያ ለምን ራስሽ ምልክት አታደርጊበትም?» አላት።

«እሱ ያበላሸውን እኔ ላቃና? ይለይለት! አንድ ቀን በሰው ፊት ይዋረዳታል።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ፎጣውን ጠየቃት።

ያ ቀን የመጣው በጾሙ አራተኛ ሳምንት ነው። በአካባቢው አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ቀን ሥልጠና የሚወስዱ መምህራን ምሳ ከካፍቴሪያው ታዘዘ። አርባዎቹ ጾመኞች፣ ስድስቱ የማይጾሙ ናቸው። ሸዋወርቅ ከሌሊት ጀምራ ሕልበቱን ስትመታ አደረች ማለት ይቻላል፤ ሕልበት ካልተመታ አረፋ አያወጣም፣ አረፋ ካላወጣ ደግሞ የባቄላ ሊጥ ነው። ከሕልበቱ ጋር የሚበላውን የቲማቲም ስልሲ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሰላጣ ሠራች። ለስድስቱ ጥብስና ቅቅል። ሁሉንም በየሣህኑ አድርጋ ሰጠችና መስኮቷ ላይ ተደግፋ ሰልፉን ማየት ጀመረች።

ልክ ሰባት ሰዓት ላይ መምህራኑ እንደ ጎርፍ ገቡ። ሚልኪያስ መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። እየተጣደፉ ሲገፉት ግን ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ጀመር። ለአንድ ሰው ቅቅል ሲያወጣ አጥንቱ ተንሸራትቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ በጓንቱ አንሥቶ ሣህኑ ላይ መለሰለት። በዚያው እጁ ለቀጣይዋ ሴትዮ ቃሪያ ሰጠ። ወዲያው ደግሞ የቅቅሉን ጭልፋ፣ መረቁ እየተንጠባጠበ፣ ምስሩ ውስጥ ነከረው። አንዴ አማሰለና ጨለፈ። ከዚያ በኋላ የትኛው ጭልፋ የየትኛው እንደሆነ እሱም አላወቀም፤ ያገኘውን ያነሣ ነበር።

ሸዋወርቅ ሁሉንም አየች። መጀመሪያ ደሟ ፈላ፤ ወዲያው ግን ሌላ ነገር ተሰማት፤ ደስታ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ነገር በዓይኗ ፊት እየሆነ ነው። አሁን አንዱ መምህር ያገኘዋል፣ ይጮኻል፣ ያ ጥርስ ይከደናል። ትሪና ሰልፍ፣ ጓንትና ፈገግታ! እስኪ ፈገግ ሲል አየዋለሁ።

«ኣደይ ሸዋ፣ ምን ያስቅሻል?» አለቻት ትምኒት፣ ምስር ልታስጨምር ድስት ይዛ መጥታ።

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ።»

ትምኒት ከንጹሑ ድስት ቀድታ ሄዳ ሣህኑ ላይ ጨመረችው። አርባ ሰው በላ። ማንም አልጮኸም። «የምስሩ ጣዕም ልዩ ነው» ያለም ነበር። ሸዋወርቅ ይህን ስትሰማ ንቀቷ ከሚልኪያስ አልፎ መምህራኑንም አዳረሰ። የሚበሉትን የማያውቁ ሰዎች ምን ሊያስተምሩ ነው?

አንድ ሰው ብቻ አሳስቧት ነበር። ኣቦይ ሓየሎም ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ልዑልሰገድን ጨምሮ የከተማውን እኩሌታ አስተምረዋል። በጾም ቅዳሴ አስቀድሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ካለችው ወንበር ይቀመጡና «ጓል ሸዋ፣ ዛሬስ ምን አለሽ?» ይሏታል። የሸዋ ልጅ ማለታቸው ነው፤ በስሟም በአገሯም እየቀለዱ። ለእሳቸው ከንጹሑ ምስር በትንሽ ድስት አስቀርታ ከደነችው። ለትምኒት ግን አልነገረቻትም። ብትነግራት «ለምን?» ትላታለቻ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል የውሃ ቦቴ መጣ። ሸዋወርቅ ወደ ጓሮ ወጥታ ቱቦውን ሮቶው ውስጥ እስኪያስገቡ፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጨቃጨቀች ቆየች። ስትመለስ ኣቦይ ሓየሎም ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ትሪ አለ። እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው ከዚያው ጠረጴዛ ወስደዋል።

እጇ ላይ የያዘችው ጨርቅ ወደቀ። ወደ እሳቸው ለመሄድ እርምጃ ስትጀምር ቀና ብለው አዩዋት። ከአፋቸው አንድ ነገር አውጥተው በእንጀራ ቁራሽ ሸፈኑት፤ ሌላው ደንበኛ እንዳያይ።

«ጓል ሸዋ፣ ነይ እስቲ።»

ቀረበች። እንጀራውን ገለጥ አደረጉ። ጥፍር የምታክል የተላመጠች ሥጋ ናት።

«ይሄ ምንድን ነው? ምስር ነው ብለሽ እንዳትዋሺኝ። ዓይኔ ቢደክምም ምላሴ አልሞተም።»

ከጎን ያለው ሰውዬ ጆሮውን አቆመ። ጉዳዩ በአፍታ ውስጥ ቤቱን ሞላው። ልዑልሰገድ ከቢሮው እየሮጠ መጣ፤ አስተማሪው ፊት ሲቆም የሃምሳ ዓመቱ ሰውዬ ተመልሶ ተማሪ መሰለ። ሥጋዋን አየ፣ ሚልኪያስን አየ።

«ማን ነው ይህን ያደረገ?»

ሚልኪያስ ፈገግታውን ፈለገው፣ ግማሹን አገኘው። «እኔ… ምስሩን በኋላ ያስጨመረችው ትምኒት ናት» አለ።

«ኣነ? እኔ?» አለች ትምኒት። «ከድስቱ ነው እኮ የቀዳሁት! ኣደይ ሸዋ ታውቃለች!»

«በቃ!» አለ ልዑልሰገድ። ጥፋተኛ በፍጥነት ማግኘት ነበረበት፤ ትምኒት ደግሞ ቅርብም ርካሽም ነበረች። «ሽርጥሽን አውልቂ። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

ትምኒት የሽርጧን ማሰሪያ መፍታት አቃታት። ጣቶቿ ከቋጠሮው ጋር ይታገላሉ። ሸዋወርቅ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ እነዚያን ጣቶች አየች። ከዚያ ደረቷ ላይ የተጣመሩት እጆቿ ሳታውቀው ወረዱ።

«ተዪው፣ አትፍቺ» አለች። «እሷ አይደለችም። የቅቅሉን ጭልፋ ምስር ውስጥ የነከረው እሱ ነው። በሰባት ሰዓት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልዑልሰገድ ወደ እሷ ዞረ። «ካየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

የሚያምኗት መልሶች በርካታ ነበሩ፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ ምስሩን ላስነሣ ስል ቦቴው መጥቶ። አንዳቸውም ከአፏ አልወጡም።

«እንዲዋረድ ፈልጌ» አለች።

ኣቦይ ሓየሎም ከዘራቸውን ይዘው ለመነሣት እየታገሉ ነበር። እንደተነሡ ቆም አሉና ወደ እሷ ተመለከቱ።

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ሰዓት ሙሉ እያወቅሽ?»

«ለእርስዎ እኮ ለብቻ አስቀምጬ ነበር ኣቦይ። ከድኜ። ቦቴው ባይመጣ…»

«ለኔ። ለሌሎቹስ?»

ሸዋወርቅ የጣለችውን ጨርቅ ጎንበስ ብላ አነሣች።

«እሱ አላወቀም» አሉ በከዘራቸው ወደ ሚልኪያስ እየጠቆሙ። «ደንቆሮ ነው፤ አላወቀም። አንቺ ነሽ ያወቅሽው።» ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ትሪው ላይ ያለው ምግብ እኩሌታው እንኳ አልተነካም።

ልዑልሰገድ ትምኒትን መለሳት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቃትም፤ እንደሱ ያለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ከላይ ላለ እንጂ ከታች ላለ አይደለም። ሸዋወርቅንና ሚልኪያስን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። «መምህራኑ አልሰሙም፤ መስማትም የለባቸውም። ኣቦይ ሓየሎም ወሬኛ አይደሉም። ነገም ምሳ አለ፤ ከነገ ወዲያም። በቃ፣ አለቀ» አላቸው።

ከቢሮው ሲወጡ ሚልኪያስ ጓሮ ሄዶ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሸዋወርቅ ድስት ልታጥብ ስትወጣ ጓንቱን አውልቆ አገኘችው። እጆቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። ቆዳቸው ተልጦ፣ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ በጣቶቹ መሃል ቀይ ሥጋው ይታያል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የዕቃ ማጠቢያው መድኃኒት ነው» አለ። «አራት ክረምት። ምግቡንማ አስነክተውኝ አያውቁም። ከኋላ በኩል ሆኜ ትሪ ነበር የማጥበው። ሁለት ሺህ ትሪ። ከፊት ያሉት ሲጨልፉ በመስኮት አያቸው ነበር… ነጭ ለብሰው፣ ሲስቁ።»

«ፈገግታውስ?»

«እሱ የነሱ ነው። እኔ እዚያ ስቄ አላውቅም።»

ሸዋወርቅ ሊያዝንለት የሚችል ልብ እንዳላት ተሰማት፤ አፏ ግን ቀደማት። «ሁለት ሺህ ትሪ ያጠበ ሰው ሁለት እጅ ማጠብ እንዴት ያቅተዋል?»

ሚልኪያስ ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ጥርሱ በሙሉ አልታየም፤ እንዲያውም አፉ ተጣመመ፤ ግን ከሆዱ የወጣ ሳቅ ነበር። «ሳሙና ያቃጥለኛል እትዬ» አላት። «ለዚያ ነው።»

«ታዲያ የሚያቃጥለው ሰው ጭልፋ አይዝማ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ መምህራኑ ሲገቡ ሽርጧን እንደታጠቀች ከወጥ ቤት ወጥታ ከምግቡ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ደንበኛ ፊት እንዲህ ቆማ አታውቅም፤ ቃል ሁልጊዜ በመስኮት ነበር የምትወረውር።

«ትሪ ከማንሣታችሁ በፊት» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ትናንት ምስር የበላችሁ ጾመኞች፣ ምስሩ ውስጥ የቅቅል ጭልፋ ገብቶበት ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ አልተናገርኩም። የምትሉኝን በሉኝ።»

ጫጫታው ባንድ ጊዜ ተነሣ። አንዲት መምህርት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። አንድ ወፍራም ሰውዬ «ጣዕሙን ብዬ ነበር እኮ!» ብሎ ሲስቅ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሰመው። አንድ ጎልማሳ «በሃይማኖታችን እየቀለዳችሁ ነው!» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ሸዋወርቅ አንገቷን ሰብራ ስትቆም ከጎኗ አንድ ሰው ተጠግቶ ቆመ። ሚልኪያስ ነው። ከረባትም ጓንትም የለውም።

«ጭልፋውን የነከርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሥራውን ሳላውቀው ነው የያዝኩት።»

ጎልማሳው ስድቡን ለሁለት ከፈለላቸው። አሥራ ሰባቱ ምሳ ሳይበሉ ወጡ፤ የቀሩት ቆይተው በሉ፤ ግን እያንዳንዱ ጭልፋ ወዴት እንደሚሄድ እያዩ ነው። ለሦስተኛው ቀን የታዘዘው ምሳ ተሰረዘ። ልዑልሰገድ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ሁለቱንም አባርራለሁ አለ፤ ሌላ ወጥ ሠሪ ፈልጎ ሲያጣ ግን ሸዋወርቅን ተዋት። ሚልኪያስን ከጭልፋ አንሥቶ በር ላይ አቆመው። እዚያ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ሰው መቀበል ይችልበታል። ያችን የተረገመች «በምን እናስደስትዎ»ን ትቶ፣ የመንገደኛ ሻንጣ ያነሣል፣ በረራ የዘገየባቸውን ያጽናናል፣ አሮጊቶችን ደግፎ ያስገባል። ሸዋወርቅ ይህን አይታ «ቢያንስ በር መክፈት ችሏል» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ እንደ ምስጋና ይቆጠራል። ጀሪካኑን ወደ ቦታው መለሰችው። የጭልፋዎቹንም እጀታ በጋለ ብረት ተኮሰችው፤ ለጾሙ አንድ፣ ለፍስኩ ሁለት መስመር።

ኣቦይ ሓየሎም አልመጡም። ሳምንት ጠብቃ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር እስካለው ቤታቸው ድረስ በእግሯ ሄደች። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እሷን ሲያዩ ከበሩ መሃል አልተንቀሳቀሱም።

«ኣቦይ ሓየሎም፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ።»

«ለመምህራኑም ነግሬያቸዋለሁ። በሰው ፊት።»

«ሰምቻለሁ። ጥሩ አደረግሽ።»

ቀጥሎ «ግቢ» እንዲሏት ጠበቀች። ከቤት ውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። እሳቸው በሩን ይዘው ቆመዋል፣ እሷ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ጎረቤት የሆነች ሴት አሻግራ እያየች አለፈች። በዚህ አገር ደጅ የመጣን እንኳን የሚያውቁትን፣ መንገድ የጠፋበትንም ግባ ሳይሉ አይሸኙም። ኣቦይ ሓየሎም ግን «ንጉሰን ሰላም በዪልኝ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው መለሱት። ሸዋወርቅ በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች፤ መናቅ ከውጭ በኩል ምን እንደሚመስል ያየችው ያን ቀን ነው። ወደ ቁሓ የሚሄዱ ታክሲዎች ሲጠሯት አልሰማችም፤ እስከ አደባባዩ ድረስ በእግሯ ሄደች።

ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ሚልኪያስ ወደ ወጥ ቤቱ አንገቱን አስገብቶ «እትዬ፣ መጥተዋል» አላት። ማን ብላ አልጠየቀችም። እጇን ታጥባ ወጣች።

ኣቦይ ሓየሎም ከመስኮቷ ሥር ሳይሆን ከመንገዱ በኩል፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ትሪ አላነሡም።

«እንኳን ደህና መጡ ኣቦይ። ምን ላምጣልዎ?»

«ሻይ።»

«ምሳስ? ሽሮ አለ፣ እንደሚወዱት ቀጠን አድርጌ…»

«ሻይ አልኩሽ።»

ሻዩን ራሷ አፍልታ ራሷ አመጣችው። ጠጡ፣ መረቁ፣ ሄዱ። በማግስቱም መጡ፤ ሻይ። ዓርብም ሻይ። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ቀን ምሳ ያዛሉ እያለ ይጠብቃል፤ ትምኒት «ሰኔ ሳይገባ» ብላ ከሚልኪያስ ጋር ተወራርዳለች። ሸዋወርቅ በዚህ ወሬ አትገባም። ሻዩን ታስቀምጥላቸዋለች፤ ስኳሩን ሁለት ማንኪያ፣ ብርጭቆውን ደግሞ በፊታቸው አጥባ።